አንድ እኩልታ፣ ሃምሳ ዓመት

«ሒሳብ ተምሮ ከማስተማር ሌላ ምን ይሠራል?» የሚለውን ጥያቄ ከአገር ቤት ተማሪዎችም ከወላጆቻቸውም ስሰማ ኖሬአለሁ። መልሴ በአንድ የስልክ መልእክት የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ልጽፈው ወሰንኩ። እኔ ራሴ አራት ኪሎ ሒሳብ ተምሬ፣ ዛሬ አውሮፓ ውስጥ በሚገኝ አንድ የምርምር ማዕከል ለሱፐር ኮምፒውተር የሒሳብ ፕሮግራሞችን እየጻፍኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሙያውን ለማስረዳት ግን ከእኔ ይልቅ የአሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት የጃክ ዶንጋራ የሥራ ዘመን ይሻላል። የዚህ ሰው ሥራ በእጄ ያላለፈበት የሥራ ቀን ብፈልግ አላገኝም።

ዶንጋራ የተወለደው በ1950 ቺካጎ ውስጥ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ከተማ በሚገኝ ኮሌጅ ሒሳብ ሲማር ሐሳቡ የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ መምህር መሆን ነበር። ሊመረቅ ሲቃረብ አንድ የፊዚክስ መምህሩ ከከተማው ብዙም በማይርቀው በአርጎን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ለአንድ ሴሚስተር እንዲሠራ እንዲያመለክት መከሩት። አመለከተ፤ ተቀበሉት። የተሰጠው ሥራ አይስፓክ የተባለውን የማትሪክስ (በረድፍና በዓምድ የተደረደሩ ቁጥሮች ሠንጠረዥ) ፕሮግራሞች ስብስብ መፈተን ነበር። ሌሎች የጻፉትን ፕሮግራም በልዩ ልዩ ማሽኖች ላይ እያስኬዱ የት እንደሚሰናከል መፈለግ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ፈተናን የጀማሪ ሥራ አድርጎ ያያል። እኔ ለዚህ ሙያ ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም። ምክንያቱም በወረቀት ላይ የተረጋገጠ ቲዎረም ማሽን ውስጥ ሲገባ የሚደርስበትን ነገር ከፈታኙ ቀድሞ የሚያይ የለም።

ኮምፒውተር ቁጥርን ሙሉ በሙሉ አይዝም። በሳይንሳዊ ስሌት የተለመደው ባለ 64 ቢት ቁጥር (ቢት ማለት ዜሮ ወይም አንድ የሚይዝ አንድ ቦታ ነው) የሚይዘው 16 ያህል አኃዝ ብቻ ነው፤ የተረፈው ይጠጋጋል። አሥር ሺህ ትሪሊዮን ላይ አንድ ደምሩና ከውጤቱ ላይ አሥር ሺህ ትሪሊዮን ቀንሱ፤ ማሽኑ ዜሮ ይላችኋል። ቅደም ተከተሉን ቀይራችሁ መጀመሪያ ብትቀንሱና ከዚያ አንዱን ብትደምሩ ደግሞ አንድ ይላችኋል። በልጅነታችን «በመደመር ጊዜ ቅንፉ የትም ቢሆን ለውጥ የለውም» ተብለን የተማርነው ሕግ እዚህ ቤት አይሠራም። አንድ ድምር በሺህ ፕሮሰሰሮች (ስሌቱን በሚሠሩ የኮምፒውተር ክፍሎች) ተከፋፍሎ ሲሠራ ደግሞ የትኛው ፕሮሰሰር ቀድሞ እንደሚጨርስ አይታወቅም። ስለዚህ ያው ፕሮግራም፣ ያው መረጃ፣ ያው ማሽን ሆኖ ትናንትና ዛሬ በመጨረሻዎቹ አኃዞች የተለያየ መልስ ሊሰጥ ይችላል። አንዲት የአየር ንብረት ተመራማሪ ሁለት ወረቀት ይዛ መጥታ «ታዲያ ትክክሉ የትኛው ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ሒሳብ የተማርኩት ለዚህች ጥያቄ እንደሆነ ተሰማኝ። ሁለቱም መልሶች ከእውነተኛው ምን ያህል ሊርቁ እንደሚችሉ ወሰኑን አስልቶ ማሳየት የሚችለው የሒሳብ ሰው ነው።

የተጠጋጋ ቁጥር መልሱን ያበላሻል የሚለው ፍርሃት ከኮምፒውተር ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ብዙ ያልታወቁ ቁጥሮች ያሏቸውን የእኩልታ ሥርዓቶች ለመፍታት ሁላችንም የምንማረው ዘዴ የጋውስ ማስወገድ ነው፦ አንዱን ያልታወቀ ቁጥር ከሌሎቹ እኩልታዎች ማጥፋት፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ አንድ እስኪቀር ድረስ። ቻይናውያን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ያውቁት ነበር። ኮምፒውተር ሊመጣ ሲል ግን በ1943 ሃሮልድ ሆቴሊንግ የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚጠጋጋው ቁጥር ስህተቱን በአራት አራት እጥፍ ሊያሳድገው እንደሚችል አሰላ። እውነት ቢሆን ኖሮ መቶ እኩልታ መፍታት የማይታሰብ ነበር። እንግሊዝ አገር ቴዲንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ፣ ጄምስ ዊልኪንሰንና ባልደረቦቹ (አላን ቱሪንግም አብሯቸው ነበር) 18 እኩልታዎችን በጠረጴዛ ማስሊያ ቁጭ ብለው ፈቱ። ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀባቸው። መልሱን በእኩልታዎቹ ውስጥ መልሰው ሲያስገቡት ከተፈራው እጅግ የተሻለ ሆኖ አገኙት። ዊልኪንሰን ለምን እንዲህ እንደሆነ ለማስረዳት ዓመታት ሰጠ። ያገኘውም ይህ ነው፦ የተሰላው መልስ ለተሰጠው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ባይሆን እንኳ፣ ለጥያቄው እጅግ ቅርብ ለሆነ ሌላ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነው። መረጃችን ራሱ ከመለኪያ መሣሪያ የመጣና ከመነሻው ጥቂት ስህተት ያለበት ከሆነ፣ ከዚህ የሚበልጥ ምን እንጠይቃለን? እኔ ይህን ሐሳብ መጀመሪያ ሳነበው ለረጅም ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣም። ዊልኪንሰን በ1970 በኮምፒውተር ሳይንስ ከፍተኛ የሚባለውን የቱሪንግ ሽልማትን አገኘ። በበጋ ወራት አርጎን እየመጣ ይሠራ ስለነበር፣ ወጣቱ ዶንጋራ ያደገው በዚህ ሐሳብ ጥላ ሥር ነው ማለት ይቻላል።

ከአይስፓክ በኋላ ሊንፓክ መጣ። ዶንጋራ፣ ክሊቭ ሞለር፣ ፒት ስቱዋርትና ጂም በንች የእኩልታ ሥርዓቶችን የሚፈቱ ፕሮግራሞችን ፎርትራን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፈው በ1979 ከመመሪያው ጋር አወጡ። በመመሪያው መጨረሻ ላይ አንድ ሠንጠረዥ አለ፦ 100 እኩልታዎችን ለመፍታት በዘመኑ የነበሩ 23 ኮምፒውተሮች የወሰደባቸው ጊዜ። ክሬይ 1 የተባለው ማሽን 0.049 ሰከንድ ፈጀበት፤ በሰከንድ 14 ሚሊዮን ስሌት ማለት ነው። ለተጠቃሚ እንዲጠቅም ተብሎ በአባሪነት የተጨመረው ይህ ሠንጠረዥ እያደገ ሄዶ፣ በ1993 ሃንስ ሞየርና ኤሪክ ስትሮማየር ከዶንጋራ ጋር ሆነው ለሚያወጡት «ቶፕ 500» ለሚባለው የዓለም ፈጣን ኮምፒውተሮች ዝርዝር መለኪያ ሆነ። በመጀመሪያው ዝርዝር አንደኛ የነበረው በሎስ አላሞስ የነበረው ሲኤም 5 ነው፤ በሰከንድ 59.7 ቢሊዮን ስሌት። በኖቬምበር 2024 ዝርዝር አንደኛ የሆነው በካሊፎርኒያ የሚገኘው ኤል ካፒታን ደግሞ 1.742 ቢሊዮን ቢሊዮን። በ31 ዓመት ውስጥ 29 ሚሊዮን እጥፍ ገደማ ነው።

ጋዜጦች የሚጽፉት ይህን ቁጥር ነው። እኔን የሚደንቀኝ ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ድካም ነው። ሁለቱም ማሽኖች የተፈተኑት በዚያው በጋውስ ማስወገድ ነው፤ በመርሁ ደረጃ ዘዴው አልተለወጠም። ፕሮግራሙ ግን ማሽኑ በተለወጠ ቁጥር ከሥሩ እንደገና ተጽፏል። የዶንጋራ የሥራ ዘመን በአብዛኛው ይህ ነው፤ የእኔም በትንሹ እንዲሁ።

ሊንፓክ ማትሪክሱን ዓምድ በዓምድ ነበር የሚሠራው። በክሬይ ዘመን ይህ ተስማሚ ነበር። በ1980ዎቹ ግን ፕሮሰሰሮች ከማህደረ ትውስታ በጣም እየፈጠኑ ሄዱ። ወፍጮው ፈጣን ሆኖ እህሉ ከሩቅ በአህያ እየተጫነ ሲመጣ፣ ወፍጮውን የበለጠ ማፍጠን ምንም አይጠቅምም፤ የመጣውን ጭነት በአንድ ጊዜ በደንብ መጠቀም ነው እንጂ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ሁለት ቬክተሮችን (የቁጥሮች ሰልፎችን) ብትደምሩ ላመጣችሁት ለእያንዳንዱ ቁጥር የምትሠሩት ስሌት አንድ እንኳ አይሞላም። ሁለት ማትሪክሶችን ብታባዙ ግን፣ ማትሪክሱ በጎኑ 100 ቁጥር ቢኖረው፣ 30 ሺህ ቁጥሮችን ይዛችሁ ሁለት ሚሊዮን ስሌት ትሠራላችሁ። ስለዚህ ዘዴው ማትሪክሱን በጡብ በጡብ ከፋፍሎ፣ ማስወገዱን ወደ ማትሪክስ ማባዛት መቀየር ነው። ብላስ የሚባለው የመሠረታዊ ስሌቶች ስምምነት በሦስት ደረጃ ያደገው በዚሁ ምክንያት ነው፦ በ1979 ቬክተር ከቬክተር፣ በ1988 ማትሪክስ ከቬክተር፣ በ1990 ማትሪክስ ከማትሪክስ። በሦስተኛው ደረጃ ላይ የተገነባው፣ ሊንፓክን የተካው ላፓክ የተባለ የፕሮግራሞች ስብስብ በ1992 ወጣ።

የብላስ ብልህነት የሥራ ክፍፍሉ ነው። የሒሳብ ሰዎች ከላይ ያለውን ዘዴ ይጽፋሉ፤ የማሽን አምራቾች ከታች ያለችውን ማባዣ ለየራሳቸው ፕሮሰሰር አስማምተው ያፋጥናሉ። ሁለቱ የሚገናኙት በጥቂት የፕሮግራም ስሞች ብቻ ነው። እነዚያ ስሞች ይኸው እስከ ዛሬ ጸንተዋል። እኔ በሥራዬ ካየኋቸው ስምምነቶች ሁሉ ይህን የሚያህል ዕድሜ ያለው ጥቂት ነው። የጸናበትም ምክንያት ሰዎቹ ስሞቹንና የግብዓቶቹን ቅደም ተከተል ሳይቀር ለረጅም ጊዜ ተከራክረው፣ ለማኅበረሰቡ አቅርበው፣ አስተያየት ሰብስበው ስለወሰኑት ነው።

ከዚያ አንድ ትልቅ ማሽን መሥራት ቀርቶ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮሰሰሮችን በገመድ ማያያዝ መጣ። እያንዳንዱ የየራሱ ማህደረ ትውስታ አለው፤ አንዱ ከሌላው የሚፈልገውን ቁጥር በመልእክት ይጠይቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አምራቾቹ ሁሉ የየራሳቸው የመልእክት ቋንቋ ነበራቸውና ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም ለሌላው አይሆንም ነበር። ዶንጋራና ባልደረቦቹ በ1992 ረቂቅ አቀረቡ፤ ከዩኒቨርሲቲ፣ ከመንግሥት ቤተ ሙከራና ከአምራች ኩባንያዎች የተሰባሰቡ ሰዎች እየተገናኙ ተከራከሩበት፤ በ1994 ኤምፒአይ የሚባለው ደንብ ወጣ። ዛሬም የምጽፈው በኤምፒአይ ነው። ላፓክም ለዚህ ዓይነቱ ማሽን ስካላፓክ ሆኖ ተጻፈ። በአንድ ቺፕ ላይ ብዙ ፕሮሰሰር ሲመጣ ፕላዝማ፣ የግራፊክስ ፕሮሰሰር ሲመጣ ማግማ ተከተሉ። አንድ እኩልታ፣ አምስት ስድስት ጊዜ እንደገና የተጻፈ።

ይህ ሁሉ ያለ ክፍያ መሰጠቱን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ለእኛ ለድሃ አገር ልጆች ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። በ1985 ዶንጋራና በቤል ቤተ ሙከራዎች ይሠራ የነበረው ኤሪክ ግሮስ ኔትሊብ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራሞች ማከፋፈያ ጀመሩ። ድረ ገጽ የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ለአንድ አድራሻ «ይህን ፕሮግራም ላክልኝ» የሚል የኢሜይል መልእክት ትልካላችሁ፤ ማሽኑ ራሱ አንብቦ ፕሮግራሙን ይመልስላችኋል። ፈቃድ የለ፣ ክፍያ የለ። ዛሬ አዲስ አበባ ወይም ጅማ ላይ አንዲት ተማሪ በፓይተን አንድ መስመር ጽፋ የእኩልታ ሥርዓት ስትፈታ፣ ከሥር የሚሠራው ላፓክ ነው። ማትላብ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌርም ክሊቭ ሞለር መጀመሪያ የጻፈው ተማሪዎቹ ፎርትራን ሳይጽፉ በሊንፓክና በአይስፓክ እንዲጠቀሙ ብሎ ነው። ዶንጋራም በ1980 ዶክትሬቱን በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ የሠራው በዚሁ በሞለር ሥር ነው፤ በ1989 ደግሞ ወደ ቴነሲ ዩኒቨርሲቲና ወደ ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተዛውሮ ቀሪውን የሥራ ዘመኑን እዚያ አሳለፈ።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታዬን ልናገር። በብዙ የምርምር ተቋማት የአንድ ሰው ሥራ የሚመዘነው በታተመ ጽሑፍ ነው። ሌሎች በየቀኑ የሚጠቀሙበትን ፕሮግራም የጻፈ፣ ስህተቱን ያረመ፣ ለአዲስ ማሽን ያስተካከለ፣ ተጠቃሚ ሲጠይቅ የመለሰ ሰው ለዕድገት ሲወዳደር ከባዶ ይጀምራል። በዚህ ምክንያት ጎበዝ ወጣቶች ከሙያው ሲወጡ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም። ስለዚህ የ2021 የቱሪንግ ሽልማት ለዶንጋራ መሰጠቱ በማርች 2022 ሲነገር፣ እኔ የሰማሁት ለአንድ ሰው የተሰጠ ክብር ብቻ አልነበረም። ፕሮግራም መጻፍና መንከባከብ ራሱ ሳይንስ መሆኑ በአደባባይ ሲመሰከር የሰማሁ ያህል ነበር። በዚያው ዓመት፣ ሰውዬው ለአሥርት ዓመታት በሠራበት በኦክ ሪጅ የሚገኘው ፍሮንቲየር፣ በሰከንድ ቢሊዮን ቢሊዮን ስሌትን አልፎ በዝርዝሩ ላይ የሰፈረ የመጀመሪያው ማሽን ሆነ።

ሆኖም ዶንጋራ ራሱ በዝርዝሩ አልረካም፤ ከሁሉ በላይ የማከብርለት ይህን ነው። የሊንፓክ መለኪያ የሚፈታው ማትሪክስ በቁጥር ሙሉ ነው፤ ጡብ በጡብ ለመሥራት የተመቸ። በተፈጥሮ የምናገኛቸው ጥያቄዎች ግን እንዲህ አይደሉም። የከባቢ አየርን፣ የከርሰ ምድር ውሃን፣ የድልድይን ጥንካሬ ስናሰላ ቦታውን በጥቃቅን ነጥቦች እንከፋፍላለን፤ እያንዳንዱ ነጥብ የሚነካው ጎረቤቶቹን ብቻ ነው። ማትሪክሱ ሚሊዮን በሚሊዮን ሆኖ በአንዱ ረድፍ ዜሮ ያልሆኑት ከጥቂት ደርዘን አይበልጡም። እህሉ በየቦታው ተበትኗል። ዶንጋራ ከማይክል ሄሩና ከፒዮትር ሉሽቼክ ጋር ሆኖ ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ሌላ መለኪያ አዘጋጀ፤ ኤችፒሲጂ ይባላል። ኤል ካፒታን በሊንፓክ በሰከንድ 1,742 ሚሊዮን ቢሊዮን ስሌት ሲሠራ፣ በኤችፒሲጂ 17.4 ሚሊዮን ቢሊዮን ብቻ ነበር የሠራው። አንድ በመቶ! 30 ሜጋ ዋት ገደማ ኃይል የሚወስድ ማሽን አብዛኛውን ጊዜውን ቁጥር እስኪመጣለት በመጠበቅ ያሳልፋል። በገዛ እጁ ያሳደገው መለኪያ ሙሉውን እውነት እንደማይናገር ዓለም ሁሉ እንዲያየው ሌላ መለኪያ አጠገቡ አቆመ።

እኔ የምሠራው በዚህ አንድ በመቶ ውስጥ ነው። የነጥቦቹን ቅደም ተከተል መቀየር፣ ጥያቄውን በደቃቅና በሰፋፊ መረቦች ላይ እያፈራረቁ መፍታት፣ ሁለት መልእክት ይላክ የነበረበትን በአንድ መጨረስ። ከባልደረቦቼ ጋር ወራት ሠርተን የአንድ ስሌት ጊዜ በሲሶ ሲቀንስ፣ ተመራማሪዎቹ በዚያው የኤሌክትሪክ ወጪ ተጨማሪ የትንበያ ሙከራ ያካሂዳሉ። ናይሮቢ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ለምሥራቅ አፍሪካ የወቅት ትንበያ ሲያዘጋጅ የሚመለከታቸው ዓለም አቀፍ ሞዴሎች የሚሠሩት በእንዲህ ዓይነት ማሽኖች ላይ ነው። ክረምቱ ይዘገይ እንደሆነ ለማወቅ የሚጠብቅ ገበሬ ባለበት አገር ተወልጄ፣ ይህን ሥራ ከሩቅ የሚታይ ቴክኒክ አድርጌ ማየት አልችልም።

አሁን ደግሞ አዲስ ለውጥ መጥቷል። የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ገበያ አጭር ቁጥር ስለሚፈልግ፣ አዳዲሶቹ ቺፖች ባለ 16 ቢትና ከዚያም ያነሱ ቁጥሮችን በአስደናቂ ፍጥነት ያሰላሉ፤ ለ64 ቢት የሚሰጡት ቦታ ግን እየጠበበ ነው። ባለ 16 ቢቱ ቁጥር ሦስት አኃዝ ያህል ቢይዝ ነው። በሦስት አኃዝ አየር ንብረት ይሰላል? በቀጥታ አይሰላም። መላው ግን በዊልኪንሰን ዘመንም ይታወቅ ነበር፦ መልሱን በአጭር ቁጥር ፈጥኖ ማግኘት፣ የቀረውን ልዩነት በረጅም ቁጥር በጥንቃቄ ማስላት፣ ያንን ልዩነት እንደገና በአጭር ቁጥር ፈትቶ መልሱን ማረም፣ እስኪበቃ መደጋገም። በ2006 ገደማ የዶንጋራ ቡድን፣ በአጭር ቁጥር ሲያሰላ ከረጅሙ በብዙ እጥፍ ይፈጥን ለነበረው ሴል ለተባለው የፕሌይስቴሽን 3 ፕሮሰሰር ይህን ዘዴ አድሶ ተጠቅሞበታል። ዛሬ ትልልቅ ማሽኖች በዚህ ዘዴ የሚወዳደሩበት የራሱ ዝርዝር አለው። ሁልጊዜ ግን አይሠራም፤ መረጃው በጥቂቱ ሲነካ መልሱ በእጅጉ የሚናወጥባቸው ማትሪክሶች አሉ፤ እነዚያ ላይ እርማቱ ከመልሱ እየራቀ ይሄዳል። የት እንደሚሠራና የት እንደማይሠራ መለየት ንጹሕ የሒሳብ ጥያቄ ነው፤ ገና ብዙ የሚሠራበትም።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው ሱፐር ኮምፒውተር አያስፈልገውም። የጋውስ ማስወገድን አንዱ በሌላው ውስጥ በገቡ ሦስት ዙሮች (ሉፖች) በሲ ወይም በፎርትራን ጻፉ። ሁለት ሺህ ያልታወቁ ቁጥሮች ያሉት ሥርዓት ስጡትና ጊዜውን ለኩ። ከዚያ የዙሮቹን ቅደም ተከተል ብቻ ቀይራችሁ እንደገና ለኩ፤ አንድም ስሌት ሳይጨመር ሳይቀነስ ጊዜው ሲለወጥ ታያላችሁ። ያንኑ ሥርዓት ለላፓክ ስጡት፤ በዚያው ላፕቶፕ ላይ ከእናንተ ፕሮግራም በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይጨርሳል። ለምን እንደፈጠነ ለማወቅ ዲጂኢቲአርኤፍ (DGETRF) የሚባለውን የላፓክ ፕሮግራም ከኔትሊብ አውርዳችሁ አንብቡ፤ ከግማሽ በላይ ማብራሪያ ነው፤ ራሱ ፕሮግራሙ በአንድ ተቀምጦ ይነበባል። የጡቡን ስፋት የሚወስነው መስመር ላይ ስትደርሱ ቁጥሩን ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ሞክሩት፤ በእያንዳንዱ ሙከራም መልሱን በእኩልታዎቹ ውስጥ መልሳችሁ አስገብታችሁ ምን ያህል እንደቀረ መዝግቡ።